ትራንስፖዝ የሌለው ፒያኖ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6፣ ጠዋት

ሳን ሊያንድሮ፣ ሥራ ላይ። የማስታምማቸው ሴትዮ ቁርስ በልተው ተኝተዋል። እኔ የምግብ ጠረጴዛቸውን ፒያኖ አድርጌ እየደበደብኩ ነው። ሐሙስ ሳን ሆዜ፣ ሙዚቃ ት/ቤት ፈተና አለኝ። የምጫወተው የአንድ የድሮ ጀርመናዊ ኦርጋን ተጫዋች ሥራ ነው። ያስጠኑኝ ጋሽ ይልማ ናቸው፤ ቤ/ክ ውስጥ ኪቦርድ ያስተማሩኝም እሳቸው። ሁሉንም በጆሮ። እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ። ደብተሬ፣ ካላለፍኩ ምን እንደምሆን አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ከሙዚቃ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ሐሙስ፣ ኦክ. 9፣ ከሰዓት

ባቡር ውስጥ። አለቀልኝ።

ፈታኟ ፕሮፌሰር መጀመሪያ ደግ ነበረች። ጀርመናዊው በሕይወት ሳለ ብዙ አላሳተመም አለች፤ ተማሪዎቹ ናቸው በእጃቸው እየገለበጡ ያቆዩት፤ ኋላ የመጡት ትልልቆቹ ደራሲዎች ከነሱ ግልባጭ ነው የተማሩት። ያንቺስ መምህር ማነው? አለችኝ። ኩራቴን ብታይ! ጋሽ ይልማ አልኩ። ኦክላንድ ያለ ሐበሻ ኪቦርዲስት ሁሉ የሳቸው ተማሪ ነው አልኩ።

ተቀመጥኩ። እውነተኛ ፒያኖ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያው። ጀመርኩ። በሲ፣ በነጫጮቹ ቁልፎች ብቻ ወጣ። የኖታው ወረቀት ግን ኢ ፍላት፣ ጥቁሮቹ ያሉበትን ይላል። እጄ ትራንስፖዟን ፍለጋ ሄደ፣ ሙሉ ዜማውን ከፍና ዝቅ የምታሸጋግረዋን የኪቦርድ በተን። እንጨት ነካሁ። ምን ፈለግሽ አለችኝ። ምን ልበላት? እኛ ሁሉንም በነጫጮቹ ነው የምንጫወተው፣ ዘማሪው ኪይ ሲቀይር በተን እንጫናለን ልበላት?

እንደተጻፈው ሞክሪ አለች። ጣቶቼ ጥቁሮቹን ፈሩ። ወዲያው አስቆመችኝ። አልደረስሽም፤ ከፈለግሽ በሚቀጥለው ሐሙስ ጀማሪዎች ክፍል ተመዝገቢ። ከሕፃናት ጋር!

ቅዳሜ፣ ኦክ. 11

ጋሽ ይ. ቤት ሄድኩ። ሐሙስ ከሕፃናት ጋር ጀምሪ መባሌን ነግሬ ጮህኩባቸው፤ ለምን ጥቁሮቹን አላስተማሩኝም? ራሳቸውም አያውቋቸውም። አዲስ አበባ ሲማሩ የመምህራቸው ኪቦርድ ጥቁሮቹ አይሠሩም ነበር፣ አንዱም። በነጫጮቹ ተማሩ። በኋላ በተን ያለው ኪቦርድ መጣ፣ ተገላገሉ። እኛንም እንደዚያው። እኔም ቤ/ክ ያሉትን ልጆች እንደዚያው እያስተማርኩ ነው።

“ሶሪ ልጄ፣ ማንም ቼክ አድርጎን አያውቅም እኮ” አሉ።

ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። የጀርመኑ ሰው ተማሪዎች ጥበብ ገለበጡ። እኛ የተበላሸ ኪቦርድ ስንገለብጥ ኖርን። ይህን ፊት ለፊታቸው ተናገርኩ። አንገታቸውን ደፉ። ምላሴ ይቆረጥ።

እሑድ፣ ኦክ. 12

አምልኮ ላይ እልህ ያዘኝ፣ በተኗን አልነካሁም። ዘማሪው ጀመረ፣ እኔ ጠፋሁ። ጉባኤው ያለ እኔ ዘመረ። ሲያልቅ፣ እህቴ ደክሞሻል፣ ትንሽ ብሬክ ውሰጂ ተባልኩ። አገልግሎቴም ሄደ። ከሁለት ያጣ ጎመን። አምላኬ፣ ምን አደረግሁህ?

ረቡዕ፣ ኦክ. 15

ነገ ጀማሪዎቹ ክፍል አልሄድም። ወስኛለሁ። ኪቦርዱን እሸጠዋለሁ። በዚህ ዕድሜ ከስድስት ዓመት ልጅ ጋር ዶ ሬ ሚ ማለት ውርደት ነው።

ከምሳ በኋላ

ጋሽ ይ. ደወሉ። ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው አሉ። ሊሸኙኝ መስሎኝ፣ አይድከሙ፣ ባቡሩን አውቀዋለሁ አልኩ። ቀስ ብለው፣ ጀማሪዎች ክፍል በዕድሜ ይገድባሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው።

እሄዳለሁ። መነጽርዎን እንዳይረሱ አልኳቸው።