ሐሙስ ትጨምራለች፦ የሲስተር ይጻፍ የሕይወት ታሪክ

የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ «ተወለዱ» ተብሎ ነው የሚጀመረው። እኛ ግን ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ «አረፉ» የሚለው ቃል ላይ ተደናቅፈን እስካሁን አልተነሣንም። ቢሆንም ሲስተር ሥርዓት ይወዱ ነበር። ቅደም ተከተሉን ካዛባነው ከዚያም ሆነው ይቆጡናልና ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ሲስተር በ1965 ዓ.ም. ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። በአንድ በኩል መጋዝ፣ በሌላ በኩል የስፌት መኪና ሲጮኽ በሚውልበት ቤት አደጉ፤ ድምፃቸው ከፍ ያለው ከዚያ የተነሣ ነው ይባላል። እሳቸው ግን «እኔ አልጮኽም፤ ሰው ነው የማይሰማው» ይሉ ነበር። አባታቸው እንጨት ከመቁረጣቸው በፊት ልኩን በእርሳስ ግድግዳ ላይ ይጽፉ ነበር። ሲስተር ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቁጥር የለዩት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ጀምረው በ1984 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። ነርስነት ተምረውም በ1987 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። በጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት ከሠሩ በኋላ በ1990 ዓ.ም. ወደ ሆስፒታል ተዛውረው የውስጥ ደዌ ክፍል ተመደቡ። በዚያ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት አገለገሉ። የቀየሩት ነገር ቢኖር ጫማቸውን ነው።

በዚያው በ1990 ዓ.ም. አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ክንዱ ተሰብሮ ሆስፒታሉ መጣ። ጀሶው በስድስት ሳምንት ወለቀ፤ ሾፌሩ ግን ክንዱ ከዳነ በኋላም መመላለሱን አልተወም። ሲስተር በመጨረሻ «አንተ ሰው፣ አሁን የሚያምህ የት ላይ ነው?» ብለው ጠየቁት። መልሱን ሁለቱም እስከ ዛሬ ለማንም አልነገሩም። በ1991 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

ሲስተር ይጻፍ የተባሉበትን ምክንያት በሥራ ቦታቸው የማያውቅ የለም። «ያልተጻፈ አልተሠራም» የሚለው የነርሶች ሕግ ነው፤ ሲስተር ግን ሕጉን ሃይማኖት አደረጉት። «መድኃኒቱን ሰጠሁት» ያለች ነርስ «የታለ?» ትባላለች። «በሽተኛውን ገለበጥኩት» ያለችም «ካርዱ ላይ ገና በጀርባው ነው የተኛው፤ ይጻፍ!» ትባላለች። ሐኪሞቹ ከኋላቸው ያወጡላቸው ስም ሠፈር ድረስ መጣ። ቤታቸውም ያው ነበር። ማቀዝቀዣው በር ላይ በክር የተንጠለጠለ ደብተር አለ። ባለቤታቸው ሁለት ጊዜ ካስነጠሱ ሰዓቱ እዚያ ይገባል።

ጎረቤትም አላመለጠም። የግድግዳ ጎረቤታቸው የሆነችው ጸጉር ሠሪ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ደም ግፊትም አለባት። ሲስተር ሥራ ከመሄዳቸው በፊት በየጠዋቱ በ12፡30 ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ። ጎረቤቷ «አልሞትኩም፣ ሂጂ!» ብላ ትመልሳለች። እንዲህ ሲባባሉ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው።

በ2006 ዓ.ም. አንድ መመሪያ መጣ። ዲግሪ የሌለው ነርስ የክፍል ኃላፊ መሆን አይችልም ተባለ። እስከዚያ ድረስ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ክፍሉን የሚመሩት ሲስተር ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጓንት አጠላለቅ ያስተማሯቸው ሦስት ልጆች ተራ በተራ አለቃቸው ሆኑ። ለሦስቱም ቁልፉን በክብር አስረከቡ። ቤት ሲደርሱ ግን ድስት ከወትሮው ጠንከር ብሎ ሲቀመጥ ግድግዳው ያሰማል። በሦስተኛው ጊዜ ባለቤታቸው «ለምን አትማሪም?» አሏቸው። «በአርባ ስምንት ዓመቴ?» ቢሉ፣ «ባትማሪም እኮ አርባ ዘጠኝ መግባትሽ አይቀርም» አሉ። ሾፌር ነገር አያስረዝምም።

በ2013 ዓ.ም. ሥራቸውን ሳይለቁ በቅዳሜና እሑድ የዲግሪ ትምህርት ጀመሩ። አምስት ቀን በሽተኛ፣ ሁለት ቀን ክፍል። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ትንሿ ልጃቸው ለማትሪክ፣ እሳቸው ለዲግሪ ያጠኑ ነበር። ልጅቱ ኮምፒውተር ስታስተምራቸው «እማዬ፣ ማውሱን እንደ መርፌ አትያዢው፤ አይወጋም» ስትል በግድግዳው በኩል እንሰማለን። በሆስፒታሉ ክፍላቸው ያለ አንድ ሐኪም «ሲስተር፣ በዚህ ዕድሜ ዲግሪ ምን ያደርግልዎታል?» ቢላቸው፣ «ታዲያ በዚህ ዕድሜ የሚያምርብኝ ምንድን ነው፣ ሳጥን?» አሉት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያ ሐኪም ዛሬ እዚህ ቆሟል። ሳጥኑም እዚህ ነው።

ስታቲስቲክስ አንድ ጊዜ ጣላቸው፤ በሁለተኛው እሳቸው ጣሉት። ከአራት ዓመት በኋላ የቀረው አንድ ትምህርት ብቻ ሆነ፤ ሊሞቱ ስለተቃረቡ ሕሙማን እንክብካቤ የሚያስተምር ነው። መምህርቷ ድሮ ተለማማጅ ሆና ሲስተር ክፍል የመጣች ልጅ ናት። ያኔ ደም ሥር ማግኘት ሲያቅታት፣ ሲስተር እጅጌያቸውን ሰብስበው «በእኔ ተለማመጂ፤ እኔ አልሞትም» ብለው የገዛ ክንዳቸውን ሰጥተዋታል። አሁን ግን ክፍል ስትገባ ሲስተር ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። «ኧረ በእናትዎ ይቀመጡ» ብትል «አንቺ እዚህ መምህሬ ነሽ፤ ሥርዓት ነው» ይላሉ።

ይህች መምህርት ለተማሪዎቿ አንድ ሥራ ሰጠች። እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጽፎ ያምጣ አለች። የሰው ሞት አጠገብ የሚቀመጥ ሰው የራሱንም አንድ ጊዜ ይቅመሰው ብላ ነው። ሲስተር ግማሽ ገጽ ጽፈው ሰጡ። እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜ 91። ጾታ ሴት። የሞት ምክንያት እርጅና። ሰውነቷን የሚያስቆጣ መድኃኒት የለም። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ቤተሰብ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል።» ዘጠና አንድ ያሉት እናታቸው ያረፉት በዚያ ዕድሜ ስለነበር ነው። መምህርቷ ወረቀቱን ስትመልስ ከሥሩ ጻፈችበት፦ «ይህ የበሽተኛ ካርድ ነው። ሴትየዋ የት አለች? ቤተሰብዎንና ጎረቤትዎን ጠይቀው እስከ ዓርብ አስተካክለው ያምጡ።» ዲግሪው ከዚህ ወረቀት ሌላ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም።

ሲስተር ባለፈው እሑድ የትምህርት ደብተራቸውን ይዘው ጥየቃ ወጡ። ባለቤታቸው መኪና ሲያጥቡ ደረሱባቸው። መልሳቸው ተጽፏል፦ «ሌላ ሰው ሲነዳ ዓይኗን አትከድንም። እኔ ስነዳ ትተኛለች። ከዚህ ሌላ ምን ልበል?» ትልቋ ልጃቸው በስልክ፦ «ሰው እናቱ ጋ ሲደውል በላህ ወይ ይባላል። እኔን ውኃ ጠጣሽ ወይ ነው የምትለኝ።» ትንሿ፦ «ስታቲስቲክስ የወደቀች ቀን መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃ ከፍታ አለቀሰች። አልሰማሁም ብያት ነበር። ሰምቻለሁ።»

ከዚያ ጎረቤታቸው ጋ መጡ። ጸጉር ሠሪዋ የደንበኛ ጸጉር እየጠቀለለች ነበር።

«ቀብሬ ላይ ስለ እኔ ምን ትያለሽ?»

«ሟርተኛ! በደህና ቀን ምን ነካሽ?»

«ማርክ አለው። ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

«እንግዲያው ጻፊ። ክፉ ጎረቤት ነበረች። ስኳር ቀንሺ እያለች ሻይ አስጠላችኝ፣ ጨው ቀንሺ እያለች ወጥ አስጠላችኝ። በጠዋት ግድግዳ እየደበደበች እንቅልፍ ነሳችኝ።»

ጸጉሯ የሚጠቀለለው ሴትዮ ከሣቋ የተነሣ ቢጉዲኑ ወለቀባት። ሲስተር ግን ሳይስቁ አንዱንም ሳያስቀሩ ጻፉ። ጎረቤቷ አፍራ «ኧረ ተይው፣ ቀልዴን ነው። እሱን ሰርዢና ቁም ነገሩን አስቤ ሐሙስ እነግርሻለሁ» አለች። ሲስተር አልሰረዙም። ከሥሩ «ሐሙስ ትጨምራለች» ብለው ጻፉ። ቀጥሎ «ራሴ፦» ብለው ሦስት መስመር ባዶ ተዉ።

እንዲህ ባለው ጽሑፍ እዚህ ቦታ ላይ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይባላል። ሲስተር ሕመም አላደረባቸውም። ሲረዱም አልቆዩም። ሰኞ ማታ ልብስ ሲተኩሱ ነበር። ማክሰኞ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በ12፡30 ግድግዳውን መቱ፤ «አልሞትኩም፣ ሂጂ!» ተባሉ፤ ሄዱ። ክፍላቸው ደርሰው፣ ሰባት ቁጥር አልጋን ራሳቸው አንጥፈው፣ ካደሩት ነርሶች ሪፖርት ለመረከብ ተቀመጡ። በሪፖርቱ መካከል እስክሪብቷቸው ወደቀ። ሲስተር እስክሪብቶ ጥለው ስለማያውቁ ሁሉም ዞሮ አያቸው። አጠገባቸው ለነበረችው ተረኛ ነርስ «ቀኝ እጄ እምቢ አለኝ። ሰዓቱን ጻፊው» አሉ። እንዲህ ያለው ሕመም የጀመረበት ሰዓት ለሐኪም እንደሚያስፈልግ እሷን ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። ልጅቱ በድንጋጤ ወረቀት ብታጣ መዳፏ ላይ ጻፈችው። ከጠዋቱ 1፡20። ከዚያ በኋላ ሲስተር አልተናገሩም።

ሰባት ቁጥር ላይ አስተኟቸው። ሐኪሙ፣ ነርሶቹ፣ ያስተማሯቸው ሦስቱ አለቆች ሳይቀሩ መጥተው የሚደረገውን ሁሉ አደረጉ። የተደረገውም አንድ ሳይቀር ተጽፏል። ሆኖም በጭንቅላታቸው የፈሰሰው ደም ብዙ ስለነበር በአራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አረፉ። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ባለቤታቸው በዚያ ሰዓት ተሳፋሪ ጭነው መንገድ ላይ ነበሩ። ስልክ ሲደወልላቸው ዳር ይዘው፣ ተሳፋሪውን ይቅርታ ጠይቀው አወረዱ። ከዚያ መሪው ላይ እንደተቀመጡ ሞተሩን ማጥፋት አቅቷቸው ሌላ ሾፌር መጥቶ አጠፋላቸው።

ትናንት መምህርቷ ሐዘን ቤት መጣች። ትንሿ ልጅ ደብተሩን ሰጠቻት። ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ራሴ» የሚለው ጋ ስትደርስ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ተረኛ ነርስ ተነሣችና እስክሪብቶ ለምና ከመዳፏ ያለውን ሰዓት ገለበጠችበት፤ የሲስተርንም የመጨረሻ ቃል ከጎኑ ጻፈች። እጅ ታጠቡ እያሉ ያሳደጓት ሲስተር ቢያዩ በተቆጧት ነበር፤ ልጅቱ ያችን መዳፍ አልታጠበችም። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ራሴ፦ ከጠዋቱ 1፡20። ቀኝ እጄ እምቢ አለኝ። ሰዓቱን ጻፊው።» መምህርቷ ደብተሩን መልሳ ለትንሿ ልጅ ስትሰጥ «የሐሙሱ መስመር ይቀራል። ዓርብ ገና አልደረሰም» አለች። ዲግሪ ለሞተ ይሰጣል አይሰጥም የሚለውን የሚያውቀው ትምህርት ቤቱ ነው። ሥራው ሳይሟላ ቀረ እንዳይባል ግን ይህ ጽሑፍ ነገ ጠዋት ይገባል።

ሲስተር ባለቤታቸውን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነችውን ትልቋን ልጃቸውን፣ ዘንድሮ ማትሪክ የምትፈተነውን ትንሿን፣ አምስት ወንድሞችና እህቶችን፣ እንዲሁም በእጃቸው ያለፉና ቁጥራቸው ካርድ ቤት ብቻ የሚታወቅ ሕሙማንን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን የበሽተኛ ደወል በማይጮኽበት፣ ተረኛ በማይጠራበት ቦታ ያሳርፍልን። ለቤተሰባቸውም የሚተኙበት እንቅልፍ ይስጣቸው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጎረቤቷ ያለችው አልተሰረዘም፤ ተጨምሮበታል እንጂ፤ የተጨመረውም ይህ ጽሑፍ ነው። ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለው ደብተር ትናንት ሲገለጥ፣ ከባለቤታቸው ማስነጠስ ጎን ሌላ ረድፍ ተገኘ። በየቀኑ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ «12፡30፦ መልሳለች» ይላል። የዚህ ወር ገጽም እስከ ወር መጨረሻ ቀኑ ተሰምሮ ተዘጋጅቷል። ማክሰኞ ላይ «መልሳለች» ይላል። ረቡዕ ባዶ ነው። ሐሙስ ባዶ ነው።

ትናንትም ዛሬም ግድግዳውን የመታ የለም። ጎረቤቷ ግን በ12፡30 ተነሥታ መልሳለች። ይጻፍ።