የይርጋ መርዶ

ማክሰኞ

ይርጋ ሞተ። ታናሽ ወንድሜ። በስልኬ አነበብኩት።

ደባርቅ፣ ሬዲዮ ጣቢያችን ውስጥ የማታውን ዜና ሳዘጋጅ ነበር። እንደ ልማዴ መጀመሪያ «የብርድ አገር ልጆች» የሚባለውን የፌስቡክ ፔጅ ከፈትኩ። ድሮ ሰው ወሬ ከእኛ ይሰማ ነበር፤ አሁን እኛም ከፔጅ ነው የምንለቅመው። የተገለበጠ የጭነት መኪና ፎቶ። ሊማሊሞ ላይ፣ ወደ ዛሪማ ሲወርድ። ሹፌሩ ተርፏል፣ ረዳቱ ሞቷል። የረዳቱ ስም ከነአባቱ ተጽፏል። የእኔም አባት ስም ነው። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ባዩ መዓት ነው።

አላለቀስኩም። ያልተጣራ ዜና ዜና አይደለም ብዬ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ደወልኩ። «ማን ልበል?» አለ። «ከሬዲዮ ነው» አልኩት። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ አስከሬኑ የት እንዳለ ነገረኝ። «አመሰግናለሁ» አልኩት። አመሰግናለሁ! ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ።

ጋሼ መኮንን፣ የእናቴ ወንድም፣ እያለከለኩ መጡ። ከተማው በሙሉ ሰምቷል። ያልሰማችው ዳባት ያለችው እማ ብቻ ናት። «ነገ ጎህ ሳይቀድ ከንስሐ አባቷ ጋር ሆነን እናረዳታለን። እስከዚያ ከመንገድ ወሬ እንዳትሰማ» አሉ። ለጎረቤቶቿ ደወሉ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። እማ በየማታው የእኔን ድምፅ በሬዲዮ ሳትሰማ አትተኛም። ዛሬ ከቀረሁ ትጠረጥራለች።

አለቃዬ ዓይኔን ማየት ፈራ። «አለም፣ ፔጁ ላይ ወጥቷል እኮ። አደጋውን ብንዘለው ሰው ይታዘበናል።» ቤተሰብ ሳይረዳ የሟች ዜና አይነበብም ብሎ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። «እናቴ አልተረዳችም» አልኩት። የአደጋው ዜና የተጻፈበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ስቱዲዮ ገባሁ። የገብስ ምርት። የክትባት ዘመቻ። የቧንቧ ጥገና። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «ደህና እደሩ» ስል በዓይኔ የታየችኝ እማ ናት።

ረቡዕ

ጎህ ሳይቀድ ዳባት ደረስን። እማ በሩን ከፍታ ሰዉን ስታይ ገባት። ቢሆንም ንስሐ አባቷ ቄስ አድማሱ አልተቻኮሉም፤ ስሙን ጠርተው፣ ቀስ ብለው ነገሯት። ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ያዟት። ስትጮህ፣ መሬት ልትወድቅ ስትል አልለቀቋትም። እኔ ከኋላ ቆሜ አየሁ። ተመስገን፣ ከሰው አፍ ሰማች።

ከሰዓት ቀበርነው። ሁሉም ሲያለቅስ እኔን እንባ እምቢ አለኝ። ከኋላዬ አንዷ «ዜና ስታነብ ልቧ ደርቆ ነው» ስትል ሰማሁ። ምናልባት እውነቷን ነው።

ሐሙስ

ሀብታሙ ልቅሶ መጣ። የፔጁ ባለቤት ነው፤ ፎቶውን የለጠፈው እሱ። ድንኳኑ ጥግ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ስወጣ ተከተለኝ።

«ሌላ ፔጅ ሳይቀድመኝ ብዬ ነው። ቤተሰብ ይረዳ አይረዳ አልጠየቅኩም» አለ።

«ታዲያ ማን ቀደመህ?»

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ፎቶውን ከፔጁ አጥፍቶታል፤ ግን ስንቱ ተቀባብሎት የለ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በጥፊ ልለው እጄን በላኝ፤ የልቅሶ ቤት ባይሆን።

ከዚያ ስልኩን ሰጠኝ። «እህቴ፣ ይህን ግን አንብቢው» አለኝ። ከ«ነፍስ ይማር» ባዮቹ መሃል አንዲት የዛሪማ ሴት፣ እህቷን ምጥ ይዟት ይርጋ ሹፌሩን ለምኖ ደባርቅ ሆስፒታል እንዳደረሳት ጽፋለች። ልጁን ይርጋ አሉት። አንድ መካኒክ፣ ይርጋ የታመመ ጓደኛቸውን ልብስ እያጠበ እንዳስታመመ ጽፏል። ይርጋ ይህን ለእኔ አንድም ቀን አልነገረኝም። የእኛ ዜና ቢሆን «የአንድ ሰው ሕይወት አልፏል» ብሎ ያልፈው ነበር፤ ስሙ እንኳ አይጠራም።

ስልኩን መለስኩለት። አመሰግናለሁ አላልኩትም። ንዴቴ አልበረደም፤ ግን ያቺን ሴት በሬዲዮ ማን ያናግርልኝ ነበር? ይህም እውነት ነው።

ዓርብ

ሠልስቱ ወጣ። ሰዉ ሲቀንስ እማ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«አላለቀስሽም» አለችኝ።

«አላለቀስኩም።»

«አንቺን ማን አረዳሽ?»

ምን ልበላት? ስልኬ ልበላት? ሁሉንም ነገርኳት። ፔጁን፣ ፖሊሱን፣ «አመሰግናለሁ» ማለቴን፣ እሷ እንዳትጠረጥር ብዬ ዜና ማንበቤን። «ሰምቼሻለሁ። ድምፅሽ ደህና ነበር፤ ደህና ናት ብዬ ተኛሁ» አለች። ከዚያ፣ «ስትሰሚ ማንም አልያዘሽም?»

«ማንም።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። በኋላ ቄስ አድማሱንና ጋሼን አስጠርታ ስታንሾካሹክ አየኋት። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም።

ቅዳሜ

ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኳ። እማ «ክፈቺ» አለችኝ። ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጋሼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎረቤቶቹም በሙሉ ደጅ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ አለም» አሉኝ ቄሱ። «ወንድምሽ ይርጋ ከዚህ ዓለም ድካም አርፏል። እግዜር ያጥናሽ።»

አውቃለሁ እኮ አባ፣ ልል ነበር። ሁለት ሴቶች ክንዴን ከግራና ከቀኝ ያዙኝ፤ እማ ከኋላ ወገቤን አቀፈችኝ። ያኔ ጮኽኩ። ወንድሜን አሁን የገደሉብኝ ያህል ጮኽኩ። መሬት ልወድቅ ስል አልለቀቁኝም። ፀሐይ እስክትወጣ እንደያዙኝ አለቀስኩ።

ከማክሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና እህል ቀመስኩ።