በዋሽንግተን ውል የተገዛው ኮምፒውተር

ማርች 4
ዛሬም የወረዳው አደጋ ጥሪ ክፍል ውስጥ አሮጌው ኮምፒውተሬ ቀጥ አለ። አንዱ ደውሎ "ላሜ አስፋልት ላይ ቆማለች" ሲለኝ ካርታው ነጭ። የት ነዎት? "እዚሁ።" እዚሁ የት? ወረዳው በሙሉ የበቆሎ ማሳ... ላሟ ሰልችቷት በራሷ ሄደች አሉ። ሳቅሁ። ሰው ቢሆንስ ኖሮ? 

ማርች 6
ግዢ ክፍል፣ ቬልማ ዘንድ ሄድኩ። የጠየቅሁት አዲሱ ኮምፒውተርስ? ጨረታው ሁለቴ ወጥቶ የመጣው የዋጋ ፖስታ አንድ ብቻ... እሱም ከጎማ ሻጩ።
"አንቺ፣" አለችኝ ድምጿን ቀንሳ፣ "ዋሽንግተን ያለው ፌዴራል መንግሥት ከሻጮች ጋር ተከራክሮ ዋጋ የቆረጠበት ውል አለ። ኮምፒውተር ከሆነ ወረዳም በሱ መግዛት ይችላል። አዲስ ጨረታ አያሻም።"
ታዲያ ምን ያንሾካሹክሻል?
"ጋሼ ኦርቪል እንዳይሰሙን።"
የወረዳ ምክር ቤታችን ሊቀመንበር ናቸው። ዋሽንግተን ሲባል ደም ግፊታቸው የሚነሳ።

ማርች 11
ስብሰባ።
"ከዋሽንግተን መርፌ አልገዛም" አሉ ጋሼ ኦርቪል።
ቬልማ፦ "የምንገዛው ከሻጩ ነው። ዋሽንግተን ዋጋውን ብቻ ነው የተከራከረችው።"
"ማን ተከራከሪልኝ አላት?"
አፌ መቼ ያርፋል... "በእርስዎ ግብር እኮ ነው የተከራከረችው፣ ጋሼ። ከፍለውበት ለሌላው ይተዉታል?"
 ቬልማ የጎረቤት ወረዳ አምና በዚሁ ውል መግዛቱን ጣል አደረገች። ጋሼ ለዚያ ወረዳ በኳስ እንኳ መሸነፍ አይወዱ... ፈረሙ።

ኤፕሪል 2
ተተከለ! ካርታው ቁልጭ ብሏል፤ የደዋዩ ቦታ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ቀኑን ሙሉ ሳየው ዋልኩ።
ጋሼ ኦርቪል የውሉን የዕቃ ዝርዝር ያገላብጣሉ። "ሣር ማጨጃ የለውም?" ለወረዳ የተፈቀደው ኮምፒውተርና መሰሉ ነው አልናቸው። "ድሮም ዋሽንግተን..." እያሉ ወጡ።

ኤፕሪል 19
 ጠዋት ስልክ አነሳሁ፣ ድምፅ የለም። ትንፋሽ ብቻ። ነጥቡ ግን ካርታው ላይ ነበር፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የእርሻ ቤት። አምቡላንስ ላክሁ። እትዬ ሂልዳ ናቸው፣ የጋሼ ኦርቪል ታላቅ እህት፤ ግማሽ ጎናቸው ከድቷቸው፣ አፋቸው ተይዞ ወድቀው። ደረሱላቸው። ይተርፋሉ ተባለ።
ከሰዓት ጋሼ ኦርቪል ከሆስፒታል መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ስክሪኑ ፊት ቆሙ።
"ይሄ ነው?"
"ይሄ ነው፣ ጋሼ።"
ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ቤት ካርታው ላይ በጣታቸው ነኩ። 
"የአምቡላንሶቹ መገናኛ ሬዲዮ አርጅቷል። እዚያ ውል ውስጥ ይገኝ ይሆን?"
"ቬልማን ልጥራት?"
"ጥሪያት። ምክር ቤት የማቀርበው ግን እኔ ነኝ። ሐሳቡም የኔ ነው።"
የእርስዎ ነው አልኳቸው። ምን ገዶኝ...