ሳይከፍል የሚበላው ሰው

ቡሬ፣ ኢሉባቦር
ጥር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለዘጋው ባለቤቴ ለአምባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔና ልጃችን ሳያት ደህና ነን፤ የታመምከው አንተ ብቻ ነህ፣ ያውም በወሬ። በስልክ አላስጨርስ ስላልከኝ ጻፍኩልህ። ወረቀት መሃል ላይ አይዘጋምና እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

እህትህ በየነች የነገረችህ እውነት ነው። አዎ፣ ውስጠኛው ክፍል አንድ ወንድ ጥብስ ሲበላ አይታለች። እጁን ያስታጠብኩት እኔ ነኝ፤ ሳይከፍልም ወጥቷል። ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም፤ አኩርፋ ወደ ቤቷ ወደ ዳሪሙ ሄደች። ሰውየው ኪቲላ ይባላል፣ ከጋምቤላ መቱ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሾፌር ነው።

ሐዋሳ ግንብ እየገነባህ በላክልኝ ገንዘብ ምግብ ቤቱን ስከፍት፣ ወጥ ማጣፈጥ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ኪቲላ አውቶቡሱን ደጄ ላይ አቆመ። ተሳፋሪው በላ፣ እሱም በላ። ሊወጣ ሲል "ሂሳብ!" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ከፍሎ ሄደ። በማግስቱ ክላክሱን አንባርቆብኝ አለፈ። ሌሎቹ ሾፌሮችም ተከተሉት። ሳምንቱን ሙሉ አቧራቸውን ስጠጣ ሰነበትኩ። ጥፋቱ ወጡ ላይ መስሎኝ ጨው ቀነስኩ፣ ቅመም ለወጥኩ። በመጨረሻ ወጥ የምትሠራልኝ ገለኔ ጠየቀችኝ።

"እትዬ መንበረ፣ ሾፌሩን አስከፍለውት ነበር እንዴ?"

"በልቶ አይከፍልም ታዲያ?"

"ያ ዋቅ፣ የፈጣሪ ያለህ! መኪና ሙሉ ሰው የሚያመጣልዎትን? ሾፌር የትም በነፃ ነው የሚበላው። ያውም ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት፣ ካለው ምርጡን!"

ለካ መንገድ ዳር ምግብ የሚሸጥ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ተናደድኩ፣ አልዋሽህም። የሾፌር ደጅ ልጠና ደግሞ ብዬ አኮረፍኩ። እንጀራው መሶብ ውስጥ ሲደርቅ ግን ኩርፊያው አላዋጣኝም። አንድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ መንገድ ዳር ወጣሁና እጄን ዘረጋሁ። ኪቲላ ተሳፋሪ መስዬው ቆመ።

"ወዴት ነዎት እትዬ?"

"የትም። ቁርስህ ቀርቧል።"

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "አሁን ገና ነጋዴ ሆኑ!" አለኝና ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ይቆማሉ።

ሌላም ብዙ ተምሬያለሁ። ተሳፋሪ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምግብ አይደለም፣ ሽንት ቤት ነው። እሱ ካልጸዳ ወጤን የሚቀምስልኝ የለም። ሰው ሳይቀመጥ ምግቡ ካልደረሰም ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል፣ ሰዉ ሳይበላ ይሳፈራል፣ ድስቱ ለእኔ ይቀራል።

አንተ ደግሞ "ወይ ቤቱን ዝጊ፣ ወይ እኔን እርሺኝ" አልከኝ። ቤቱን አልዘጋም፤ አንተንም አልረሳም። የከፈትነው እኮ ከሰው አገር ሥራ ተገላግለህ እንድትመጣ ነው። ብዘጋው እዚያው ትቀራለህ። ስለዚህ ና። መቱ ስትደርስ የኪቲላን መኪና ጠይቅ። ውስጠኛው ክፍል አብራችሁ ግቡ፣ አብራችሁ ብሉ፤ የአንተንም እጅ አስታጥብሃለሁ። ከዚያ በኋላም ዝጊ የምትል ከሆነ ፊት ለፊት ንገረኝ።

አንድ እውነት ልንገርህ። ስትቆጣ ከፍቶኛል፣ ግን ደስም ብሎኛል። ከሄድክ ወዲህ ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ እኔ ስትጮህ የሰማሁህ ያን ቀን ብቻ ነው።

እመብርሃን ከፍ ካለው ግንብ ላይ እግርህን ትያዝልህ። ሳያት ጉንጭህን ስማሃለች፤ ጥርሷ መውለቁንም ንገሪው ብላኛለች።

አውቶቡስ በቆመ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ አያለሁ። ገለኔ ደንበኛ የምቆጥር ይመስላታል። አንተን እየፈለግሁ እንደሆነ አልነገርኳትም።

ሚስትህ መንበረ