የሊማሊሞው መኪና

ደባርቅ፣ የካቲት 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታገኘ ይስማው፤

ሰላምታዬ እንደ ደባርቅ ጉም ያለህበት እንግሊዝ አገር ድረስ ገብቶ ይክበብህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ደብዳቤህን ራሴ አነበብሁት። ከትልቁ ድርጅት ወጥተህ ከሁለት ነባር ባልደረቦችህ ጋር የራሳችሁን የቴሌቪዥን ጨዋታ መሥሪያ ቤት መክፈታችሁን ለጎረቤቴ ለስንቄ ነገርኋት።

«ሽበት ያበቀለ ሰው ለጨዋታ ቢሮ ይከፍታል?» ብላ ሳቀች።

«የኖሩበት ሙያ ነው፤ ይሆንላቸዋል» አልኋት። አልጠራጠርም።

የመጀመሪያው ጨዋታችሁ ሰው ጭኖ ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ነው ብለህ ስለ መንገዱ ጠይቀኸኛል። ከቀትር በኋላ ጉም ጠመዝማዛውን ይሸፍነዋል። ሾፌሮቹ ጥሩምባ እየነፉ ይወርዳሉ፤ ፍየሎቹ ግን ከመንገድ አይወጡም። ከላይ የቆመ ሰው መኪናውን እስከ ሦስተኛው እጥፋት ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ብቻ ይሰማል።

ልጄ ዝናቡም በነሐሴ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ በዚያው ወርዷል። ዞሮ ሲያየኝ «ቶሎ ተሳፈር፣ ቦታ ይያዝብሃል» አልሁት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጽሕፈቱም ያምራል። በየሰኞው ፖስታ ቤት ስለምሄድ ያንተ ደብዳቤ እንኳ አንድ ቀን ሳያድር ነው የደረሰኝ። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ አሁንማ ሳልጠይቀው ገና ከበር ሲያየኝ «የለም» ለማለት ራሱን ይነቀንቃል።

ሥራችሁ መልካም ነው፤ አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ። መኪናው አዲ አርቃይ ሲደርስ ጨዋታው ያበቃል ብለሃል። እዚያ አያብቃ። የወሰዳቸውን ሰዎች ሁሉ መልሶ ይጫንና ዳገቱን ወጥቶ ደባርቅ ሲገባ ያብቃ። ቢከብድም ትችሉታላችሁ።

ባልደረቦችህን እጅ ንሣልኝ። የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ።

እህትህ የሺወርቅ