የባልዲ ክዳን

የካቲት 3፣ ሰኞ

እንደ ሌላው ቀን። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ሙቀት። አርባ ምንጭ ስፖርት ላስተምር ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ፣ ፀሐዩን ግን አሁንም አልለመድኩትም። የደብረ ብርሃን ልጅ ምን ታድርግ?

ዳይሬክተሩ አቶ ገነነ ቢሮ ጠሩኝ። ዘጠነኛ «ሀ» እና ዘጠነኛ «ለ» ባለፈው ዓርብ ኳስ ሜዳ ላይ ስለተደባደቡት ነው። «እጅጋየሁ፣ እግር ኳስ ቆሟል። ሌላ ነገር አጫውቻቸው። አንድ ድብድብ ባይ ግን የዓርቡ ስፖርት ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይሆናል።»

ሌላ ነገር! ከየት አባቴ ላምጣ?

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ግቢ ውስጥ የባልዲ ክዳን ስወረውር ዋልኩ። ጎረቤቴ ሜሮን (ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ የጨንቻ ልጅ ናት) «አበደች» አለች። ፍሪዝቢ የሚባለው መወርወሪያ የፕላስቲክ ሳህን እዚህ ገበያ የለም። ክዳን ግን ሞልቷል። ጎልና በረኛ ቢኖረውስ?

ሕጉ... በቡድን ሰባት። ክዳን የያዘ አይራመድም፣ አምስት ሳይቆጠር ያቀብላል። መሬት ከወደቀ ለሌላው ቡድን። ጎሉ ሁለት ቀርከሃ። ፊቱ ግማሽ ክብ፣ ከበረኛ በቀር ማንም አይገባበትም። መነካካት የለም። ካልተነካኩ በምን ይጣላሉ?

የካቲት 7፣ ዓርብ

በነፋስ! ከሰዓት በአባያ ሐይቅ በኩል የሚመጣውን ረስቼው። የ«ሀ» በረኛ ሻሺቱ ወረወረች፣ ነፋሱ አዙሮ የራሷ ጎል ውስጥ ከተተው። «ጎል ነው!» «አይደለም!» ጆሮዬ ደነቆረ።

አዲስ ሕግ፦ በረኛ ወርውራ ነፋስ ቢመልስባት አይቆጠርም። አጥቂ ወርውሮ ነፋስ ቢያስገባለት ግን ጎል ነው፣ ነፋሱን ማስላት ችሎታው ነው። የ«ለ» አጥቂ ካሌብ፣ ያ ምላሰኛ፣ «ቲቸር፣ ነፋሱስ ቢጫ ካርድ ያያል?» አይለኝም? ልቆጣው ስል ሳቄ አመለጠኝ።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ጉድ ሆንኩ ዛሬ።

ካሌብ ሚካኤልን ገፋው። ሚካኤል የ«ሀ» ተከላካይ ነው፣ ድንጋይ አነሳ። ፊሽካ ብነፋ ማን ሰምቶኝ! ሻሺቱ ጎሏን ጥላ ወደ ቧንቧው ሮጠች። ያ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ በዚህ በጋ ሥሩ ብቻ ለምለም ነው። ሳር ነጭታ መጣችና መሃላቸው ተንበረከከች። እኔስ? ቢጫ ካርድ አወጣሁባት! ጎል ጥሎ መሄድ፣ ጊዜ ማባከን ብዬ...

ሚካኤል ድንጋዩን ጣለ። ከዚያ ሁለቱም ቡድን ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ ሳር የያዘ ሰው ካርድ ይሰጠዋል እንዴ?»

ለሜሮን ብነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቆይታ ኮስተር አለች። «እኛ ጋሞዎች ጋ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ማንም አልፎት አይሄድም። ሰው ሊጎዳ ሲል ነው የሚደረገው። ልጅቷ ደፍራ አድርጋዋለች፣ አንቺ ካርድ!»

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ። ደግነቱ አቶ ገነነ ስብሰባ ሄደው ነበር።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ሻሺቱን ጠራኋት። «ካርዱን ሰርዤዋለሁ። ሳሩንም ሕግ አድርጌዋለሁ» አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ።

«ቲቸር፣ ሕግ ውስጥ አያስገቡት። ሕግ ከሆነ ለክዳን ብለው ሁሉ ይነጩታል።»

ሰረዝኩት። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ግን አልወጣችልኝም። ለተማሪ እንዴት ይባላል? ለማንስ ብዬ አውቃለሁ?

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሰላም ነው። በሚቀጥለው ዓርብ አቶ ገነነ ራሳቸው ሊያዩ ይመጣሉ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

አቶ ገነነ ወንበር አስወጥተው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሁለት ለሁለት ናቸው። ካሌብ ከጎን ወረወረ። ክዳኑ ከቀርከሃው ውጭ ሲሄድ አየሁና ፊሽካ ነፋሁ። «አውት!» ሻሺቱ እጇን አወረደች። ያኔ ነፋሱ አዞረው... ገባ።

«ጎል!» «ፊሽካ ተነፍቷል!» ካሌብ ፊቴ መጣ። «ቲቸር፣ ምን አስቸኮለዎት? ነፋሱን አስልቼ ነው። የራስዎ ሕግ ነው!»

እውነቱን ነው። ገብቶኛል። ግን አቶ ገነነ እያዩኝ... «ውጣ!» አልኩት። ቀይ ካርድ። ጾሙ ይሁን ፀሐዩ እንጃ፣ ደሜ ፈላ። የ«ለ» ልጆች ከበቡኝ፣ የ«ሀ»ዎችም መጡ። ሚካኤል የካሌብን ኮሌታ ያዘ። አቶ ገነነ ብድግ አሉ። በቃ፣ ሒሳብ ሆነ አልኩ።

ሻሺቱን አየኋት። አየችኝ። ንቅንቅ አላለችም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች።

ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። እጄ የመጣልኝን ነጨሁ፣ ከነጭቃው። መሃላቸው ገብቼ ካሌብ ፊት ተንበረከክሁ። «የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

ወጣችልኝ!

የሚካኤል እጅ ወረደ። ካሌብ በሁለት እጁ አነሳኝ። «ኧረ ይነሱ ቲቸር! ኧረ በእግዜር!» ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ወደ ሻሺቱም ዞሬ «አንቺንም፣ ስለዚያ ካርድ...» አልኳት። አንገቷን ደፋች፣ ግን ፈገግ ብላለች። ቀዩን ካርድ ሰረዝኩ። ካሌብ ውርወራውን ደገመው፣ ሻሺቱ ቀለበችው። ሁለት ለሁለት አለቀ።

አቶ ገነነ ጠጋ ብለው፦ «ያ ሳር ሕጉ ውስጥ አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«እንዳታስገቢው» አሉ። «ዓርብ እንደ ድሮው የስፖርት ነው።»

ቤት ገብቼ ሱሪዬን በሳሙና አሸሁት፣ ፈተግኩት። የጉልበቱ አረንጓዴ አልለቀቀም። ዓርብ ይህንኑ እለብሳለሁ።