ስለ ሲዲ ማጫወቻው

ዘውዴ፣
ከሆቴሉ የሌሊት ሥራህ ስትመለስ አታገኘኝም። በማለዳው መኪና ማጀቴ፣ እናትህ ዘንድ ሄጃለሁ።

ትናንት ወደ ሥራ ስትወጣ "ያንተን ዓይነት ሲዲ ማጫወቻ ልገዛ ነው፤ እማዬ ነገ ጊደሯን ገበያ ታወጣልኛለች" ስትለኝ ክው አልኩ።

ያኔ የኔን እንደገዛሁት "ለመሆኑ ለዋጋው ይመጥናል?" ብለህ ስትጠይቀኝ "ካንተ ቴፕ ጋር አታወዳድረው" ያልኩህ ውሸቴን ነው። የሁለት ዓመት ጥሪቴን አፍስሼበት ተራ ነው ለማለት አፍሬ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ የኔ ጆሮ ልዩነቱን አይለየውም። የሮቢት አቧራ ሲገባበት ደግሞ ዘፈኑን እየዘለለ ይሄዳል፤ ያንተን ኮቴ ስሰማ ቶሎ አጠፋዋለሁ። ደብረ ሲና ያለው ባለሱቅ ውባለምም ይኸንኑ ገዝቷል። "ወደድከው?" ብለው ሳቀና "ለሰው አታውራብኝ እንጂ ቆጭቶኛል" አለኝ። እሱስ ለኔ እንኳ ተናገረ። እኔ ለሰፈሩ ሁሉ ሳሞግሰው ከረምኩ፤ አንተ ደግሞ አመንከኝ።

አንተ ሥራ ስትሆን የምሰማው ያንተን ቴፕ ነው።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። የቧንቧው ውሃ ዛሬም አልመጣም፤ በርሜሉ ግን ግማሽ ድረስ ውሃ አለው።

ፊትህን እያየሁ መናገር አቃተኝ። እትዬ በላይነሽ ፊት ግን ቆሜ "ልጅዎን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ" እላቸዋለሁ። ገበያው ሳይሞቅ ከደረስኩ ጊደሯን ወደ ቤት ይመልሷታል። ካልደረስኩ በምን ዓይኔ እንደማይህ አላውቅም።

ንጉሤ